ከኤክስፖርት ፋብሪካ ያልተከፈለን ሒሳብ መጠየቅ፦ ከሐዋሳ ችሎት እስከ ባየሩ አገር

ሐዋሳ ላይ ተሰፍቶ ጀርመን ሱቅ ውስጥ የሚሰቀል ሸሚዝ ከመርፌው እስከ መደርደሪያው ድረስ በሕግ የታጀበ ነው። ለባለሀብቱ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 አለለት። ውጭ አገር የተሰጠ የግልግል ዳኝነት ውሳኔ እዚህ እንዲፈጸምለትም ኢትዮጵያ የኒውዮርክን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ተቀብላለች። ሸሚዙን የሰፋችው ሠራተኛ ግን ያልተከፈላትን የትርፍ ሰዓት የምትጠይቀው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ ለዚያውም በስድስት ወር ይርጋ (ካለፈ መብቱ የሚቀርበት የክስ ማቅረቢያ ጊዜ)።

ሠራተኛዋን ሸሚዙ ከሚሸጥበት አገር ሕግ ጋር የሚያገናኙ መንገዶች ቀስ በቀስ ተከፍተዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ አቤቱታ ክብደት የሚኖረው አገር ውስጥ በጊዜው የተከፈተ መዝገብ ሲኖረው ነው። ስለዚህ የሚከተለው አካሄድ ከአገር ውስጥ ይጀምራል።

መጀመሪያ ይርጋውን ቁጠሩ

አዋጁ ሦስት ዋና ዋና የጊዜ ገደቦች አሉት። ያላግባብ ተሰናብታችሁ ወደ ሥራ መመለስ ከፈለጋችሁ ክሱ ከስንብቱ ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር፣ ከሥራ ውሉ መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያም እንዲሁ በስድስት ወር ይጠየቃል። የተለየ ገደብ ያልተቀመጠለት ጥያቄ አንድ ዓመት አለው። ጥቅምት 10 የተሰናበተች ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ የምትልበት በር ጥር 10 ይዘጋል ማለት ነው።

ዋናው ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ለሰው ሀብት ክፍሉ ማመልከት ይርጋን አያቋርጥም። «የሚቀጥለው ወር ይስተካከላል» የሚል የቃል ተስፋም አያቋርጥም፤ በባየሩ (ልብሱን ከፋብሪካው በሚገዛው የውጭ ኩባንያ) የስልክ መስመር የተመዘገበ አቤቱታም እንዲሁ። ይርጋን የሚያቋርጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ክርክሩን ለመወሰን ሥልጣን ላለው አካል የቀረበ ክስ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል የቀረበ አቤቱታ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ። ሦስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። ኃላፊው «የሦስት ወር የትርፍ ሰዓት ዕዳ እንዳለብን እናውቃለን፤ በቅርቡ እንከፍላለን» ብሎ ፈርሞ የሰጣችሁ አንድ ቁራጭ ወረቀት ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል። ስለዚህ ተስፋ ሲሰጣችሁ በትሕትና በጽሑፍ ጠይቁ።

የይርጋ ጉዳይ ከአገር ውስጥ አልፎ የውጭውንም ክስ እንዴት እንደሚገድል የካራቺ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው የፓኪስታን ልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዋናው ባየር ኪክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነበር። ከእሳቱ የተረፈ አንድ ሰውና የሟቾች ቤተሰቦች ዶርትሙንድ ከተማ ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ክሱ ውድቅ ሆነ። ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም አላለም፤ ጉዳዩ በሚዳኝበት በፓኪስታን ሕግ ይርጋው አልፏል ነው ያለው። በአውሮፓ ፍርድ ቤቶች የካሳ ክስ በመርህ የሚታየው ጉዳቱ በደረሰበት አገር ሕግ ስለሆነ፣ በርሊንም ሄዳችሁ የሚቆጠርባችሁ የአገራችሁ ካሌንደር ነው።

ማስረጃ፦ ምን ይያዛል፣ ምን አይነካም

ጽሑፍ ላይ የሰፈረ የሥራ ውል ከሌላችሁ አሠሪው ውሉ ከተመሠረተ በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበትን መግለጫ ሊሰጣችሁ ግዴታ አለበት። ይህን ከጠየቃችሁ በኋላ በየወሩ የሚከማቸው ነገር ይህ ነው፦ የደመወዝ መግለጫው፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የመግቢያ መታወቂያው የፊትና የጀርባ ፎቶ፣ በራሳችሁ እጅ የተጻፈ የሰዓት መዝገብ። መዝገቡ አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀን፣ የገባችሁበት፣ የወጣችሁበት፣ ያዘዘው ኃላፊ። በየቀኑ ይሞላ። በወሩ መጨረሻ በአንድ ቀለም የተሞላ ደብተር ዳኛውም ኦዲተሩም ያውቁታል።

«ያዘዘው ኃላፊ» የሚለው ዓምድ የገባው በምክንያት ነው። በሕጉ የትርፍ ሰዓት ሥራ ማለት በአሠሪው ወይም በወኪሉ ትእዛዝ የተሠራ ነው። ችሎት ላይ የሚቀርበው የተለመደ መከላከያም «ማንም አላዘዛትም፣ ራሷ ናት የቆየችው» የሚል ነው። ሱፐርቫይዘሩ በቴሌግራም የላከው «ዛሬ እስከ 3 ሰዓት፣ ማንም እንዳይወጣ» የሚል መልእክት ይህን መከላከያ ያፈርሰዋል። መልእክቱን ከነስሙና ከነቀኑ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ከስልኩ ውጭ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

የማይነካው ደግሞ የፋብሪካው ሰነድ ነው። የክፍያ መዝገብ ፎቶ አንስታችሁ ወይም የትእዛዝ ወረቀት ይዛችሁ ስትወጡ ብትገኙ ያለማስጠንቀቂያ ለመሰናበት ምክንያት ተደርጎ ይቀርብባችኋል፤ ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ ደመወዝ መሆኑ ይቀርና ስለ እናንተ ይሆናል። አያስፈልጋችሁምም። የክፍያ መዝገብ መያዝ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ በክሱ የማስረጃ ዝርዝር ላይ «በተከሳሽ እጅ የሚገኝ የክፍያ መዝገብና የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ፣ ከዚህ ወር እስከዚህ ወር» ብላችሁ ጻፉና ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብ ጠይቁ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 223 በሌላ ሰው እጅ ያለ ሰነድ በዚህ መልክ እንዲጠቀስ ይፈቅዳል። አሠሪው አላቀርብም ቢል ደብተራችሁ ብቸኛው ማስረጃ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ለእናንተ ጥሩ ነው።

ስሌቱ

መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የአንድ ሰዓት ክፍያ ለማግኘት በተለምዶ የወሩ ደመወዝ ለ208 ይካፈላል (26 ቀን በ8 ሰዓት)። መነሻው 3,120 ብር ከሆነ አንድ ሰዓት 15 ብር ነው። ከዚያ፦

ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ 12 ሰዓት ቢሠራ 270 ብር።
ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፤ 4 ሰዓት 105 ብር።
በሳምንቱ የእረፍት ቀን በ2፤ 8 ሰዓት 240 ብር።
በሕዝብ በዓል በ2.5፤ 8 ሰዓት 300 ብር።

የወሩ ድምር 915 ብር ይመጣል። አሠሪው የእሑዱንም የበዓሉንም በ1.5 አስቦ ከከፈለ የከፈለው 735 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው 180 ብር ትንሽ ይመስላል፣ ሁለት መቶ ሠራተኛ ባለበት መስመር ግን በወር 36,000 ብር ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ካለፈ ክፍያው አይቀርም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ለውጭው አቤቱታ ትልቅ ነጥብ ይሆናል፤ ምክንያቱም 48 እና 12 ሲደመር የሚመጣው 60 ሰዓት አብዛኞቹ ባየሮች በሥነ ምግባር ደንባቸው ያሰመሩት ጣሪያ ነው።

የደመወዝ መግለጫችሁን ስታነቡ መነሻ ደመወዙን ከጉርሻው ለዩ። በልብስ ፋብሪካዎች ዘንድ መነሻው ዝቅ ብሎ የመገኘት ቦነስ፣ የምርት ቦነስና የምግብ ድጎማ ከላይ መደረቡ የተለመደ ነው። በአዋጁ ቦነስና ማበረታቻ «ደመወዝ» አይባሉም፤ ስለዚህ የትርፍ ሰዓቱም የስንብት ክፍያውም የሚሰላው በትንሹ ቁጥር ላይ ነው። ቦነሱን ጨምሮ የተሰላ ክስ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይመታል፣ ሌላውም ስሌታችሁ አብሮ ይጠረጠራል።

«ደመወዙ ራሱ ትንሽ ነው» የሚለው ጥያቄስ? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ጥናት የሐዋሳን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር አድርጎ አስቀምጦት ነበር። አዋጁ አንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢልም ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይወጣ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ለብቻዋ «ደመወዜ ይጨመር» ብላ መክሰስ አትችልም። ያ የወል የሥራ ክርክር ነው፤ በሠራተኛ ማኅበር በኩል ወደ አስማሚ፣ ከዚያ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ ይበቃል።

አቤቱታውን ማስገባት

ሁለት በሮች አሉ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ፋብሪካውን ገብቶ አይቶ እንዲያስተካክል ሊያዝ ይችላል፤ ለደህንነት ጉድለት፣ ለተዘጋ የአደጋ ጊዜ በር፣ ለሰዓት ጥሰት እሱ ይሻላል። በኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ ይህ አገልግሎት በፓርኩ የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ በኩል ይጠየቃል። ገንዘብ አስቆጥሮ የሚያስከፍለው ግን የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ከሆነ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት። የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም። ሕጉ ለውሳኔ 60 ቀን ይሰጣል፣ ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ስልሳው ቀን ብዙ ጊዜ ይረዝማልና የቤት ኪራይን በዚያ አታስቡት።

ተቆጣጣሪው ዘንድ ስትሄዱ በቃል አታመልክቱ። በሁለት ኮፒ ጻፉ፣ በአንዱ ላይ የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። ይርጋ ስለመቋረጡ ወደፊት የምታስረዱት በዚያች ኮፒ ነው። ይዘቱ ከዚህ አይበልጥ፦

«ከጥር 2016 ጀምሮ በኦፕሬተርነት በወር 3,120 ብር እሠራለሁ። ከሚያዝያ 1 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ድረስ በአለቃዬ ትእዛዝ በእሑድና በበዓል የሠራሁት በተያያዘው ዝርዝር የተመለከተ ሲሆን የተከፈለኝ በ1.5 ተሰልቶ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 68 መሠረት ቀሪው ሒሳብ እንዲከፈለኝ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ አመለክታለሁ።»

ስድብ፣ ምሬት፣ የሌላ ሠራተኛ ታሪክ አይግባበት። አቤቱታ ማቅረብና የማኅበር አባል መሆን ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆኑ አንቀጽ 26 በግልጽ ይላል። በዚህ ሰበብ ከተሰናበታችሁ ወደ ሥራ መመለስን እስከ ስድስት ወር ከሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ጋር፣ ወይም ከሥራ ስንብት ክፍያው በተጨማሪ የ180 ቀን ደመወዝና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል። ስትወጡ «ምንም የምጠይቀው የለም» የሚል ቅጽ ከቀረበላችሁ ከፊርማችሁ በላይ «የተቀበልኩት በተቃውሞ ነው፣ ቀሪ ሒሳብ አለኝ» ብላችሁ ጻፉ። ጠበቃ የመቅጠር አቅም ለሌለው የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አሉ።

ልብሱ የማን እንደሆነ ማወቅ

መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ ወደ ውጭው እንሂድ። አቤቱታው የሚላከው ለፋብሪካው ሳይሆን ልብሱን ለገዛው ነውና ባየሩ መታወቅ አለበት። የብራንዱ ስም አንገት ላይ ይሰፋል፤ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ልብስ ከብራንዱ በተጨማሪ «አርኤን» የሚል ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ቁጥር በአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ሲፈለግ የኩባንያውን ስም ያወጣል። ብዙ ብራንዶች የፋብሪካዎቻቸውን ዝርዝር ራሳቸው ያወጣሉ፤ ኦፕን ሰፕላይ ሀብ የተባለው ነፃ መፈለጊያም የብዙዎቹን አንድ ላይ ያሳያል። የፋብሪካውን ስም ንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው አጻጻፍ ፈልጉት፤ ሠራተኛው በቻይናዊው ወይም በህንዳዊው ሥራ አስኪያጅ ስም የሚጠራው ፋብሪካ እዚያ ላይ በሌላ ስም ነው ያለው።

የውጭዎቹ በሮች

ቀላሉ የባየሩ የራሱ የአቤቱታ መስመር ነው። ፋብሪካው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ፈጣን ነው፣ ግን ዳኛውም ተከሳሹም አንድ ቤት ናቸው። ባየሩ ከዓለም አቀፉ የሠራተኛ ኅብረት ከኢንዱስትሪኦል ጋር ስምምነት ካለው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ኢንዲቴክስ እ.ኤ.አ. ከ2007 (መጀመሪያ ከኢንዱስትሪኦል ቀዳሚ ድርጅት ጋር)፣ ኤችኤንድኤም ከ2015 ጀምሮ እንዲህ ያለ ስምምነት አላቸው። ያን ጊዜ መንገዱ በማኅበራችሁ፣ በጨርቃጨርቅ ቆዳና ልብስ ስፌት ሠራተኞች ፌዴሬሽን በኩል ነው።

የጀርመኑ የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ 3,000፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ 1,000 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ በጀርመን ያላቸውን ኩባንያዎች ይይዛል። ኩባንያው የሦስተኛ ወገን አቤቱታ የሚቀበልበት ሥርዓት እንዲኖረው ይገደዳል፤ ካልሠራ የተጎዳው ሰው ለፌዴራል የኢኮኖሚና የኤክስፖርት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ኩባንያውን ያስገድዳል እንጂ ለሠራተኛዋ ካሳ አይቆርጥም። ሕጉ በበርሊንም፣ ሰፊው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በብራስልስም ክለሳ ሲደረግባቸው ቆይቷልና ከመላካችሁ በፊት ያለበትን ሁኔታ እዩ።

ይህ ሕግ ስለ ደመወዝ የሚለውን ማወቅ ወሳኝ ነው። ተገቢ ደመወዝ መከልከልን ይከለክላል፣ ግን ተገቢውን የሚለካው ሥራው ባለበት አገር ሕግ ነው። ኢትዮጵያ ወለል ስለሌላት «26 ዶላር አይበቃም» የሚል አቤቱታ መያዣ ያጣል። «በአዋጁ አንቀጽ 68 በ2.5 መከፈል የነበረበት በ1.5 ተከፍሏል» የሚለው ግን ይይዛል። የአገራችን ሕግ ዝም ባለበት የውጭውም ዝም ይላልና አቤቱታችሁን አዋጁ በተናገረበት ቦታ ላይ ትከሉት።

ሦስተኛው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) ብሔራዊ የግንኙነት ቢሮ ነው። ኢትዮጵያ ድርጅቱ ለዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ያወጣውን መመሪያ ከተቀበሉት 50 ያህል አገሮች አንዷ ስላልሆነች አቤቱታው የሚገባው በባየሩ አገር ነው። ጠበቃም ክፍያም አይጠይቅም። የመጀመሪያው ምዘና ሦስት ወር ያህል፣ ጠቅላላው ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ውጤቱ ሽምግልናና መግለጫ ነው፣ አስገዳጅ አይደለም። ጉዳዩ ከተያዘ በኋላ በፌስቡክ ብታራግቡት ሂደቱ ሊቋረጥ ይችላል።

ባየሩን ራሱን ፍርድ ቤት መክሰስ እጅግ ከባድ ነው፣ ግን ዝግ አይደለም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 በቢሻ ማዕድን በግዳጅ ሠራን ያሉ ኤርትራውያን ኔቭሰን በተባለው ኩባንያ ላይ ያቀረቡት ክስ እንዲቀጥል ፈቅዷል፤ በዚያው ዓመት በስምምነት አልቋል። ለእሑድ ሒሳብ ግን ይህ መንገድ አይሆንም።

የትኛውንም ብትመርጡ ደብዳቤው ከሁለት ገጽ አይብለጥ፣ ቢቻል በእንግሊዝኛ ይሁን። ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ «ሐምሌ 15 ቀን 2016» ብቻ ብትሉ ከስምንት ዓመት በፊት የሆነ ነገር አድርገው ያነቡታል፣ «ጁላይ 22 ቀን 2024» ከጎኑ ይግባ። ስማቸው እንዲደበቅ የሚፈልጉትን በግልጽ ለዩ። የአገር ውስጥ መዝገብ ቁጥሩን ጥቀሱ። የምትጠይቁትን በልክ አስቀምጡ፦ «ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ልዩነት ለሁሉም ሠራተኛ በ60 ቀን ይከፈል፣ ትእዛዝ ከፋብሪካው አይነሳ።» የመጨረሻዋ ሐረግ አትቅር። ባየሩ ከነቀፋ ለመሸሽ ትእዛዙን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጎዳው ያመለከተችው ራሷ ናት። የጀርመኑ ሕግም የኦኢሲዲ መመሪያም ግንኙነት ማቋረጥን የመጨረሻ አማራጭ ነው የሚሉት።

ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል

ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድል) እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 (ታኅሣሥ 23 ቀን 2014) ጀምሮ ስትሰረዝ እንደታየው፣ ሥራ ማንም ሠራተኛ ባልተጠየቀበት የአገሮች ውሳኔም ይጠፋል። ፋብሪካው በቋሚነት ሲዘጋ የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ አለው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን አማካይ ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ በላዩ የ60 ቀን ደመወዝ። የቀኑ 104 ብር ተብሎ ከተያዘ የአራት ዓመት ሠራተኛ 6,240 እና 6,240፣ በድምሩ 12,480 ብር ትጠይቃለች። 3,120ን ለ30 ወይስ ለ26 ማካፈል ይገባል የሚለው ያከራክራልና አካፋዩን ክሱ ላይ ግለጹት።

ችግሩ ማስፈጸሙ ላይ ነው። የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ቅድሚያ አለው፤ ነገር ግን በመንግሥት ፓርኮች ሼዱ የኪራይ ስለሆነ የሚያዝ ሕንፃ የለም። ያለው ማሽን፣ ጨርቅና የባንክ ሒሳብ ነው፤ ሁሉም ተንቀሳቃሽ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ምልክቶቹን ተከታተሉ፦ የጨርቅ ገቢ መቀነስ፣ በሌሊት የሚጫን ማሽን፣ የውጭ አገር ሥራ አስኪያጆች በተከታታይ መውጣት፣ ደመወዝ መዘግየት። ሁለቱ አብረው ከታዩ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 151 መሠረት ከፍርድ በፊት ንብረት እንዲከበር (እንዳይሸጥና እንዳይወጣ እንዲያዝ) ከክሱ ጋር በቃለ መሐላ አመልክቱ። የማሽኑን ዓይነትና ብዛት፣ ያለበትን ሼድ ቁጥር ጻፉ፤ «ንብረቱ ይታገድ» ብቻ ያለ ማመልከቻ የሚያግደው ነገር የለውም። እግዱ በወጣ ቀን ኮፒውን ለፓርኩ አስተዳደርና ለጉምሩክ አድርሱ፣ ትርጉሙን ደግሞ በዚያው ሳምንት ለባየሩ ላኩት፤ የመጨረሻውን ጭነት ሒሳብ ገና ካልከፈለ በፋብሪካው ላይ ጫና ሊያደርግ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።